የፍራተርኒቲ ስኮላርሺፕና የከተማ ፖሊሲ ምርምር ሥራ

ወንድሜ፣ «አሜሪካ ውስጥ አባል ሳልሆን የፍራተርኒቲ (የወንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበር) ስኮላርሺፕ አገኛለሁ? ከዚያስ በከተማ ፖሊሲ ምርምር እንጀራ ይገኛል?» ላልከው፣ ሁለቱም ይቻላል።

አገር አቀፉ ስኮላርሺፕ ብዙ ጊዜ አባልነት ይጠይቃል። እንደ አልፋ ፋይ አልፋ ያሉት (በ1906 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ላይ የተመሠረተው የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር) የየከተማው ቅርንጫፎቻቸው ግን ሃይስኩል ለሚጨርሱ የአካባቢው ልጆች የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቅርንጫፉን ራሱን ጠይቅ። ለገንዘቡ ብለህ ብቻ አባል እንዳትሆን አደራ፤ መግቢያውና መዋጮው ቀላል አይደለም።

ሥራውን በተመለከተ ዋሽንግተን ላይ በ1968 የተቋቋመው ኧርባን ኢንስቲትዩት አለ፣ ብሩኪንግስም አለ፤ ሁለቱም የፖሊሲ ምርምር ተቋማት ናቸው። በመጀመሪያ ዲግሪ የሚገባበት በር የምርምር ረዳትነት ነው። እዚያ በጣም የሚፈለገው ዳታ መሥራት መቻልህ ስለሆነ አር ወይም ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ልመድ። ከዚያ ከአሜሪካ ሴንሰስ (ሕዝብ ቆጠራ) ቢሮ ድረ ገጽ የካውንቲህን መረጃ በነፃ አውርድና ከገቢያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሰዎች የት ሰፈር እንደሚበዙ በካርታ አሳይ፣ ሁለት ገጽም ጻፍበት። በዋሽንግተን አጠገብ እንዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ የበዛበት አካባቢ ከሆንክማ የኪራዩን ጣጣ ቤትህ ድረስ ታውቀዋለህ። ማመልከቻህ ላይ እሱን አያይዝ፣ ከፍራተርኒቲ አባልነት ይልቅ የሚያስቀጥርህ እሱ ነው።