መልስ፦ በደብረ ብርሃን ለሚከፈት የቆዳ ፋብሪካ የአካባቢ አማካሪ ስለ መምረጥ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ የቆዳ ፋብሪካ ለመክፈት አስበው፣ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱን የሚሠራውን አማካሪ ድርጅት በምን ሊመዝኑት እንደሚገባ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ከዋጋው በፊት መታየት ያለባቸው ባለሙያዎቹ ናቸው፤ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጥናቱ ብቃት ባላቸው ባለሙያዎች መዘጋጀቱን የማረጋገጥ ኃላፊነት የጣለው በባለፕሮጀክቱ ላይ ነው። የቆዳው ፀጉር ሲነሳና ቆዳው በክሮም ሲለፋ ሰልፋይድ፣ ጨውና ክሮም ያዘለ ፍሳሽ ስለሚወጣ፣ የውኃ ኬሚስትና የፍሳሽ ማጣሪያ መሐንዲስ የሌሉበት ቡድን፣ የቱንም ያህል ያማረ ሰነድ ቢያቀርብ፣ ለእርስዎ ሥራ አይበቃም። በከተማው በኩል የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚሳሳ በመሆኑ፣ በነሐሴ ብቻ የተደረገ ልኬት ወንዙ ፍሳሽ የመሸከም አቅሙን አግንኖ ያሳያል፤ ስለዚህ በየካቲት ወይም በመጋቢትም ናሙና እንዲወሰድ በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ከከተማው በታች በዚሁ ወንዝ አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉና (ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ነው) እነርሱን ቀርቦ የሚያነጋግር የማኅበራዊ ጥናት ባለሙያም ያስፈልጋል። ድርጅቱ ቀደም ሲል ከሠራቸው ሪፖርቶች አንዱን በሙሉ ይጠይቁ፤ ስማቸው የሰፈረው ባለሙያዎችም በእርግጥ መስክ ወጥተው እንደነበር ያጣሩ።