ሪቪወር ሳያየው የተመለሰው ጽሑፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ። የምጽፍልዎ ከፉሪ ነው። እዚሁ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ሥራ ላይ እያለሁ በሕብረተሰብ ጤና ማስተርሴን ጨርሻለሁ። ጥናቴ የእርግዝና ክትትል ዘግይተው በሚጀምሩ እናቶች ላይ ነው። ቴሲሱን (የመመረቂያ ጽሑፌን) ለአንድ ጆርናል፣ ማለትም ለጥናት መጽሔት ላክሁት። ሪቪወር፣ ማለትም ጽሑፉን የሚገመግመው ባለሙያ፣ እንኳን ሳያየው «መመሪያችንን አልተከተለም» ብለው መለሱልኝ። አማካሪዬ «ፎርማቱን አስተካክለሽ ላኪ» አሉኝ፣ ግን ከየት ልጀምር? ስሜንስ እንዴት ነው የምጽፈው? ኃላፊያችን ደግሞ «የእኔም ስም ይግባ» እያሉኝ ነው። የማሳተሚያ ክፍያውም ያስፈራኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፤ ጥናትሽ አልተጣለም። ይዘቱን ገና ማንም አልመዘነውም። መጀመሪያ የሚያዩት የጆርናሉ ጽሕፈት ቤት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚፈትሹት ፋይሎቹ መሟላታቸውን፣ የቃላቱን ብዛት፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱን፣ የሪፈረንሱን (የምንጮቹን ዝርዝር) አጻጻፍ ነው። ሁሉም የሚስተካከል ነገር ነው።

ዋናው ችግር ቴሲሱን እንዳለ መላክሽ ይመስለኛል። ቴሲስ የሚጻፈው ለፈታኝ ነው፣ የምታውቂውን ሁሉ ታሳዪበታለሽ። የጆርናል ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ይዞ እሱን ይመልሳል። ብዙ የጤና ጆርናሎች ለዋናው ጽሑፍ ከ3,000 እስከ 4,000 ቃል፣ ለአብስትራክቱ (ለመግቢያው አጭር ማጠቃለያ) ደግሞ 250 ቃል ገደማ ነው የሚፈቅዱት። ስለዚህ ማውጫው ይወጣል፣ የምህጻረ ቃላቱ ገጽ ይወጣል፣ የቀደሙ ጥናቶችን የሚዳስሰው፣ ራሱን የቻለው የሊትሬቸር ምዕራፍም ይወጣል፤ ከሱ ለጥያቄሽ መነሻ የሆነው ብቻ መግቢያው ውስጥ ይገባል። የናሙና ስሌቱ በአንድ አንቀጽ ይጠቃለል። መጠይቁን ከፈለጉት ተጨማሪ ፋይል አድርገሽ ትልኪዋለሽ። መቁረጥ እንደሚያም አውቃለሁ፣ ግን ቁረጪ። ወርድ ከመክፈትሽ በፊት ደግሞ የጆርናሉን የጸሐፊዎች መመሪያ አትመሽ ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪ፤ ከጓደኛ የምትወስጂው ፎርማት ለሌላ ጆርናል የተሠራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ላይ ልምጣ። ጽሑፍሽን የሚያነበው ሰው ፉሪን አያውቅም፣ ኅዳርን አያውቅም፣ ጤና ጣቢያ ከጤና ኬላ በምን እንደሚለይም አያውቅም። የጆርናሉ መመሪያ ደግሞ ይህን በዝርዝር ላይነግርሽ ይችላል። መረጃ የሰበሰብሽው ከኅዳር 1 እስከ ጥር 30 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው እንበል። ወሮቹን ብቻ ፈረንጅኛ አድርገሽ ዓመቱን 2015 ብለሽ ከተውሽው፣ አንባቢው ጥናትሽን ያረጀ መረጃ አድርጎ ይቆጥረዋል። መጻፍ ያለበት ከኖቬምበር 10 ቀን 2022 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2023 ነው። ሁሉም ላይ 8 መደመርም አይሠራም፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው። ከጤና ጣቢያው ሪፖርት የወሰድሽው ቁጥር ካለ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። የ2014 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2013 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2014 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 8 ቀን 2021 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2022 ማለት ነው።

ቦታውም እንደዚሁ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው አስተዳደር ተለዋውጧል፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል። መረጃው ሲሰበሰብ የነበረውን መጠሪያ ጻፊ፣ አሁን በማን ሥር እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፣ ከአዲስ አበባ መሃል በደቡብ ምዕራብ በኩል መሆኑንም ግለጪ። «ዘግይቶ» የሚለውንም በቁጥር አስቀምጪው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12 ሳምንት ድረስ እንዲሆን ይላል፣ ቀደም ያሉ ጥናቶች ግን ብዙ ጊዜ 16 ሳምንትን ነው መለያ የሚያደርጉት። የትኛውን እንደያዝሽ ካልታወቀ ውጤትሽን ከማንም ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ሠንጠረዦችን በወርድ ራሱ ሥሪያቸው። መረጃውን ከተነተንሽበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም፣ ከኤስፒኤስኤስ ላይ ስክሪንሾት አንስቶ መለጠፍ አይቀበሉም፣ ልክም ናቸው። ኤስፒኤስኤስ ፒ ቫልዩውን (የስታቲስቲክስ ፍተሻውን ውጤት ቁጥር) 0.000 ብሎ ሊያወጣልሽ ይችላል፤ እሱን እንዳለ አትገልብጪ፣ ዜሮ የሆነ ፒ ቫልዩ የለም፣ «ከ0.001 ያነሰ» ተብሎ ነው የሚጻፈው። ፎቶ ወይም ካርታ ካለሽ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) አውጪው። የመስመር ቁጥርና የሰፋ የመስመር ርቀት ሲጠይቁሽም ምክንያት አላቸው፦ ሪቪወሩ «መስመር 112 ላይ ያለው ግልጽ አይደለም» ብሎ የሚጽፍልሽ በሱ ነው። ሪፈረንሱን በእጅሽ ቁጥር እየሰጠሽ አትልፊ፣ አንድ ጽሑፍ መሃል ላይ ስትጨምሪ ሁሉም ይዘበራረቃል፤ ሪፈረንስ የሚያደራጀው ዞቴሮ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ነው፣ ጫኚው።

ወደ ስምሽ። የውጭዎቹ ጆርናሎች ሲስተሞች መጨረሻ ላይ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። የአያትሽን ስም ከጨመርሽ በአያትሽ ትጠሪያለሽ፣ ካልጨመርሽ በአባትሽ። የትኛውም ነውር የለበትም። ነውሩ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው መውጣት ነው፣ ያኔ ሥራዎችሽ የሁለት ሰው ይመስላሉ። አንዱን ምረጪ፣ በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም አንድ አድርጊው፣ ዲግሪሽና ፓስፖርትሽ ላይ ተለያይቶ ከሆነ አሁኑኑ ወስኚ። ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጪ፣ በነፃ ነው። ጆርናሉ ጸሐፊዎቹን ለሪቪወር የማያሳውቅ ከሆነ ደግሞ ስማችሁ ያለበት ገጽ በሌላ ፋይል ይሄዳል። ብዙዎች የሚረሱት የወርድ ፋይሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስማቸው ተጽፎ መቅረቱን ነው፤ እሱንም አጥፊ።

የኃላፊሽን ነገር በግልጽ ልናገር። የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፣ አራቱም መሟላት አለባቸው፦ በጥናቱ ንድፍ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ሥራ መሥራት፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በጥልቀት ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂነት መውሰድ። ፈቃድ መስጠት ወይም አለቃ መሆን እዚህ ውስጥ የለም። ለትብብራቸው ምስጋናው ክፍል ላይ በአክብሮት ጻፊላቸው፣ መስፈርቱንም አትመሽ አሳዪአቸው፤ «እኔ አልፈልግም» ከማለት «ጆርናሉ አይፈቅድም» ማለቱ ይቀልሻል፣ እውነትም ነው።

ክፍያን በተመለከተ የማያስከፍሉም አሉ። የሚያስከፍሉት ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች ይተዉታል ወይም ይቀንሳሉ፣ ግን ብዙ ጊዜ መጠየቅ ያለብሽ ጽሑፉን ስትልኪ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ እሺ የማይሉ አሉ። በጥቂት ቀን እናትምልሻለን፣ ገንዘቡን ላኪ የሚልሽን ኢሜይል አትመኚው።

ፋይሎቹን ስትጭኚ መብራት ሊጠፋ፣ ኔትወርኩም ሊቆራረጥ ይችላል፤ በየደረጃው ሴቭ እያደረግሽ ሂጂ። መጨረሻ ላይ ሲስተሙ ሁሉን አንድ ላይ አድርጎ ፒዲኤፍ ይሠራልሽና አጽድቂ ይልሻል። ሳትከፍቺው እንዳታጸድቂ። ወደ ጎን የሰፉ ሠንጠረዦች የመጨረሻው ዓምዳቸው ተቆርጦ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው፣ እና ሪቪወሩ የሚያየው ያንን ፒዲኤፍ እንጂ አንቺ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ወርድ አይደለም።