ኤ ቢ ሲ ቆጥረው ቃል ማንበብ ላቃታቸው አዋቂዎች

ከኤ እስከ ዜድ ማስቆጠሩን ለጊዜው ተወው። ደብረ ብርሃን ላይ ማታ የምታስተምራቸው ሰዎች አማርኛ ያነባሉ ብለሃል፤ የሚያደናግራቸውም እሱ ነው። እኛ «በ» ስንል የፊደሉ ስም ድምፁም ነው። የእንግሊዝኛው ስሙ «ቢ»፣ ድምፁ ግን «ብ» ነው። ለዚህ ነው «ባስ» የሚለውን ቃል «ቢ፣ ዩ፣ ኤስ» ብለው ቀጥ የሚሉት።

ድምፁን በሳድስ ጻፍላቸው። ከቢ ሥር «ብ»፣ ከቲ ሥር «ት»፣ ከኤም ሥር «ም»። አምስቱን አናባቢዎች በሌላ ቀለም ለያቸው፤ ድምፃቸው ስለሚለዋወጥ ሕግ አታሸምድድ፣ ከነቃሉ ይልመዱት።

ማስተማሪያውን ራሳቸው ከቤት ያምጡ። የመድኃኒት ካርቶን፣ የፀረ ተባይ ጠርሙስ፣ ከፋብሪካ በር ላይ የገለበጡት «ፑሽ» እና «ፑል»። በአንድ ማታ ሦስት ቃል ይበቃል፤ ደክሟቸው ነው የሚመጡት።

ቀኑን ግን አደራ። እኔ «ኢ ኤክስ ፒ» (የመድኃኒቱ ጊዜ የሚያልፍበት ቀን) የሚለውን አስተምሬ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ግንቦት 2016 ላይ አንዲት እናት የልጃቸውን ሽሮፕ ይዘው መጡ። 03/2024 ይላል። «እሰይ፣ ገና ሰባት ዓመት ተኩል አለው፤ እስከ ኅዳር 2024!» አሉኝ። ፊደሉን በትክክል አንብበዋል። መድኃኒቱ ግን ካለፈበት ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ማርች 2024 በእኛ የካቲትና መጋቢት 2016 ነበር።

ከፈረንጁ ዓመት ላይ ከጃንዋሪ እስከ አዲስ ዓመታችን 8፣ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ በላቸው። የወሮቹን ማዛመጃ ደግሞ ደብተራቸው ጀርባ ላይ ይለጥፉት።