የጠዋቱ ስኳር ካርዱ ላይ ለምን ከሰዓት ሆነ?

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ የመረጃ ሥራ የምትሠሪው እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። የስኳር ታካሚዎቻችሁ ቤታቸው ይለካሉ፣ ቁጥሩም ከስልካቸው በቀጥታ ወደ ካርዳቸው ይገባል። ጠዋት 1 ሰዓት በባዶ ሆድ የለኩት ግን ለብዙዎቹ ከቀኑ 7 ሰዓት ተብሎ ተመዝግቧል። የጥቂቶቹ ልክ ነው። «ኔትወርኩ ይሆን?» ብለሻል።

አይደለም። ኔትወርክ ቢሆን መዘግየቱ ይለያያል እንጂ ሁሌ ድፍን 6 ሰዓት አይመጣም። ጥርጣሬዬ ከአንቺ በፊት የነበረ ሰው ላይ ነው። ከስልኮቹ የሚላከውን ቁጥር የሚቀበለው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ላይ፣ 6 ሰዓት ደምሮ የሄደ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት፣ ሰዓቱ እስኪጣራ ድረስ በነዚህ ቁጥሮች የማንም መድኃኒት መጠን እንዳይቀየር ለሐኪሞቹ ዛሬውኑ ንገሪ። ከምሳ በኋላ 160 የሆነ ስኳር ለብዙ ታካሚ ደህና ነው። በባዶ ሆድ ግን ከ130 ባይበልጥ ይመረጣል። ያው ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልክ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቆጠራው ለመላው ዓለም አንድ ነው። ስክሪኑ ላይ የምናየው የአካባቢው ሰዓት ነው፤ ለኛ በግሪንዊች ሰዓት ላይ 3 ሰዓት ይደመራል። እናቶቻችን ደግሞ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 1 እንዲል ይፈልጋሉ፤ ልክ ናቸው። አንዱ ልጅ የቦነስ አይረስን ሰዓት ይመርጥላቸዋል። ከኛ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ስክሪኑ ይስተካከላል፣ ቆጠራው አይነካም። ሌላው ልጅ አውቶማቲኩን አጥፍቶ ሰዓቱን በእጁ ይመልሰዋል። ያኔ ቆጠራው ራሱ 21,600 ሰከንድ ወደኋላ ይቀራል። የጠዋቱ ልኬት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሆኖ ይደርሳችኋል። ያ ሰው ይህን አይቶ ለሁሉም 6 ደመረ። በእጅ የተመለሱት ስልኮች ልክ መሰሉ፣ ጤነኞቹ ተበላሹ። እንዲህ ያለ ጥገና በጣም ያናድደኛል።

አሁን ባክአፕ ያዢና መደመሩን አንሺ። ከዚያ የተለካበትን ሰዓትና ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት አስተያዪ። ወዲያው የተላከ ልኬት ልዩነቱ 6 ሰዓት ገደማ ከሆነ ስልኩ በእጅ የተመለሰ ነው፤ ምልክት አድርጊበትና ሰዓቱን አርሚው። ዘግይቶ የተላከውን በዚህ መለየት አይቻልም፤ «ሰዓቱ ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት ብቻ አድርጊበት። የመጀመሪያውን መረጃ አትሰርዢ፣ የታረመውን ለብቻው አስቀምጪ።

ታካሚው ለቀጠሮ ሲመጣ የስልኩን ሰዓት ወደ አውቶማቲክ መልሺለት። የሀበሻ ሰዓት የሚያሳይ አፕ ስክሪኑ ላይ ጫኚለት፤ ያለዚያ ቤቱ ሲገባ መልሶ ያዞረዋል።

መለኪያውንም እዪ። ርካሾቹ ባትሪ ሲቀየር ቀናቸው ይጠፋል፣ ምንም ሳያስጠነቅቁ መላክ ይቀጥላሉ። ስንቱን እንዳደከሙኝ! ደግነቱ በብሉቱዝ መስፈርቱ መሠረት የሚልክ መለኪያ ለእያንዳንዱ ልኬት ተራ ቁጥር ይሰጣል። ሰዓቱ ቢጠፋ ቅደም ተከተሉ ይገኛል።

ስትጨርሺ ሁለት ስልክ ያዢ፣ አንዱ አውቶማቲክ፣ አንዱ በእጅ የተመለሰ። በሙከራ ካርድ ላይ ላኪ። የመጀመሪያው በትክክለኛ ሰዓቱ፣ ሁለተኛው ምልክት ተደርጎበት መግባት አለበት። ይህን በዓይንሽ ሳታዪ ሐኪሞቹ በነዚህ ቁጥሮች መጠን እንዲቀይሩ አትፍቀጂ።