ፉል ኦፕሽን ወይስ ባዶው?

ጥያቄ፦ በፈረንጅ 2014 የተሠራች፣ ከአሜሪካ የመጣች ቶዮታ ራቭ ፎር ልገዛ ነው። አንዷ ኤልኢ (ባዶዋ) ናት፣ ሌላዋ ሊሚትድ (ፉል ኦፕሽኗ)። ደላላው «ፉል ኦፕሽኗን ካልያዝክ ይቆጭሃል» እያለ ወጥሮ ይዞኛል። ልጨምር? ከካዛንቺስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደላላ መቼ ርካሹን ግዛ ብሎ ያውቃል! የሁለቱም ሞተር አንድ ነው፣ 2.5 ሊትር፣ ካምቢዮውም ያው ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ። ጭማሪውን የምትከፍለው ያለ ቁልፍ ለመነሳቷ፣ ራሱ ለሚከፈት የኋላ በር፣ ለሳንሩፍ (ለሚከፈተው የጣሪያ መስኮት) እና ለባለ 18 ኢንች ቸርኬ ነው። ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ጎን ያጥራል፤ የመሀል ከተማን ጉድጓድ በክረምት ውሃ ሞልቶ ሳታየው ስትገባበት የሚጣመመው ቸርኬው ነው። ሳንሩፍማ አታንሳብኝ፤ የድሮዋ መኪናዬ የሳንሩፏ ውሃ ማውረጃ ቱቦ በአቧራ ተደፍኖ አንድ ክረምት ሙሉ ጭኔ ላይ ሲያንጠባጥብ ከርሟል።

ደግሞ ሊሚትድ ማለት ፎር ዊል ማለት አይደለም። ጎንበስ በልና ከኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) መኖሩን እይ፣ የፎር ዊል ጽሑፍማ ይለጠፋል።

እኔ ብሆን ኤልኢዋን ይዤ በትርፉ አራት አዲስ ጎማ እገዛ ነበር። ሊሚትዷ በደንብ የተያዘች ከሆነች ግን እሷን ያዝ። ቀብድ ሳትከፍል የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ፣ የደላላውን አይደለም።