ግራፊክስ ካርድን ለቨርቹዋል ማሽን መስጠት፦ ጥያቄና መልስ

ሊኑክስ ላይ አንድን ካርድ ነጥሎ ለቨርቹዋል ማሽን መስጠት ያስቸገራችሁ፣ ጥያቄያችሁን አምጡ። ከዚያ በፊት ግን ካርዳችሁ የትኛው የአይኦኤምኤምዩ ቡድን ውስጥ እንዳለ፣ አብሮት ማን እንዳለም እዩ። አይኦኤምኤምዩ እያንዳንዱ ካርድ የትኛውን ሜሞሪ መንካት እንደሚችል የሚቆጣጠር የሃርድዌር ክፍል ነው፤ ቡድን የሚባለው ደግሞ ከርነሉ ነጣጥሎ መስጠት የማይችላቸው ካርዶች ስብስብ ነው። የብዙው ችግር ሥር እዚያ ነው።

ጥ፦ የቡድኖቹ ማውጫ ባዶ ነው። ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን አብርቻለሁ።

መ፦ ያበራኸው የፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ካርድ ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ሌላ ነው፤ ኢንቴል ላይ ቪቲ-ዲ ይባላል፣ ኤኤምዲ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይኦኤምኤምዩ ተብሎ ተጽፎ ታገኘዋለህ። ኢንቴል ከሆነ በከርነሉ ማስነሻ መስመር ላይም ማብራት ሊያስፈልግህ ይችላል።

ጥ፦ ካርዱን ከቪኤፍአይኦ (ካርድን ለቨርቹዋል ማሽን ከሚያሳልፈው የሊኑክስ ድራይቨር) ጋር አስሬዋለሁ፤ ግን ማሽኑን ሳስነሳ «ቡድን 14 ብቁ አይደለም» ይለኛል።

መ፦ ካርዱን አስረሻል፣ አብረውት ያሉትን ግን አላሰርሽም። የካርዱ የምስል ክፍል በፒሲአይ አድራሻ 01:00.0 ላይ ከሆነ 01:00.1 ላይ የኤችዲኤምአይ ድምፁን ታገኛለሽ፤ አንዳንድ ካርድ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያም አለው። ከነዚህ አንዱ በሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያስነሳው ዋናው ሲስተም) ድራይቨር እንደተያዘ ከቀረ ከርነሉ ቡድኑን አይሰጥሽም። የፒሲአይ ድልድይ ካየሽ ግን ተዪው፣ እሱ መታሰር የለበትም።

ጥ፦ የእኔ ቡድን ውስጥ ኔትወርክ ካርዱም የሳታ መቆጣጠሪያውም አሉ። የኤሲኤስ ፓቹን (ቡድኖቹን የሚከፋፍለውን የከርነል ማሻሻያ) ልጫነው?

መ፦ መጀመሪያ ካርዱን ወደ ሌላ ስሎት አዛውረው። በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ የሚመጣው ስሎት በቺፕሴቱ በኩል ከሚያልፈው ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ተለይቶ ይገኛል። ባዮሱንም አድስ፤ አንዳንዴ ቡድኖቹ በዚያ ይለወጣሉ።

ስለ ፓቹ ግልጹን ልንገርህ። በአንድ የፒሲአይ ስዊች ሥር ያሉ ካርዶች ወደ አይኦኤምኤምዩው ሳይወጡ እርስ በርስ በቀጥታ መጻጻፍ ይችላሉ። ኤሲኤስ የሚባለው የሃርድዌር ችሎታ ይህን ይከለክላል፣ ሁሉም በላይኛው በር እንዲያልፍ ያስገድዳል። ከርነሉ ኤሲኤስን ካላየ መነጠላቸውን ማረጋገጥ ስለማይችል አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ፓቹ ደግሞ የሌለውን መነጠል አያመጣም፤ ከርነሉን «አለ ብለህ ቁጠረው» ይለዋል እንጂ። ዝርዝሩ ያምራል፣ ሃርድዌሩ ግን እንደነበረ ነው። ዋናው ከርነል ውስጥ ያልገባውም ለዚሁ ነው። ማሽኑን የማታምነው ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ በፍጹም አትጫነው። ለራስህ ብቻ ከሆነ የዳታህን ቅጂ ያዝ፣ አደጋውን አውቀህ ወስን።

ጥ፦ ሁለት አንድ ዓይነት ካርዶች አሉኝ። አንዱን ላስር ስል ሁለቱም ይታሰራሉ፣ ስክሪኔም ይጠፋል።

መ፦ የሞዴል መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ነው። በመለያው ማሰሩን ትተህ በፒሲአይ አድራሻው እሰረው። ይህን የሚያደርገው ስክሪፕት ኢኒትራምኤፍኤስ (ሊኑክስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጫነው ትንሽ የፋይል ስብስብ) ውስጥ ይግባ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ ከቀደመው ካርዱን ማስለቀቅ ያስቸግራል።

ጥ፦ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ባለው ዊንዶውስ ላይ ኮድ 43 (ካርዱ በችግር ምክንያት ቆሟል የሚል ስህተት) ይመጣብኛል።

መ፦ ኤንቪዲያ ጂፎርስ ከሆነ ድራይቨሩን አድሺው። ከ2021 ጀምሮ፣ ከ465 ወዲህ ያሉት ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ እንዲሠሩ ተፈቅዷል።

ጥ፦ ማሽኑን አጥፍቼ ስመልሰው ካርዱ አይነሳም፤ ሆስቱን ሪስታርት ማድረግ አለብኝ።

መ፦ ይህ ከቡድን ጋር አይገናኝም፣ ካርዱ ራሱን ሪሴት ማድረግ አቅቶት ነው። በቆዩ የኤኤምዲ ካርዶች ላይ የታወቀ ችግር ነው። ለፖላሪስ፣ ለቬጋና ለመጀመሪያዎቹ ናቪ ካርዶች ቬንደር-ሪሴት የሚባል የከርነል ሞጁል አለ፤ እሱን ሞክር።