ስኳር ያለበት ጿሚ ቁርስ ቢበላ ጾሙን ገደፈ ይባላል?

ጥያቄ፦ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም አለብኝ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባል የስኳር ኪኒን እውጣለሁ፤ ዐቢይ ጾምን ግን እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም ምንም አልቀምስም። ረፋዱ ላይ ያልበኛል፣ ያንቀጠቅጠኛል። ቁርስ ብበላ ጾሜን ገደፍኩ ማለት ነው? ካልሆነስ ወደ ሥራ ስጣደፍ ምን ልብላ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ኪኒኑን ውጦ ያለ ምግብ መዋል ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ይህ መድኃኒት ምግብ ገባም አልገባም ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድደዋል። ሆድ ባዶ ሲሆን የደሙ ስኳር ይወርዳል፤ ላቡና መንቀጥቀጡ የዚያ ምልክት ነው፣ ሲብስም ራስን ያስታል። ኪኒኑን በራስ ፈቃድ መተውም አይሆንም፤ ያኔ ስኳሩ ከፍ ይላል።

ብዙዎች ይህን ሲሰሙ «በጾም ላይ ሳለሁ እግዚአብሔር አይጥለኝም» ይላሉ። ንግግሩ እምነት ይመስላል። ጌታችን ግን 40 ቀን ከጾመ በኋላ ፈታኙ «ራስህን ወርውር፣ መላእክት ያነሡሃል» ቢለው «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» አለው (ማቴ. 4፥7)። ጿሚ ሆኖ ነው ይህን የተናገረው! አውቀሽ ራስሽን ለአደጋ ሰጥተሽ ተአምር መጠበቅሽ ከዚያ በምን ይለያል? ቀኖናችንም ጾምን ሲደነግግ ለሕመምተኛ ይራራል። የጾሙ ሰዓት አንድ ነገር ነው፣ የምግቡ ዓይነት ሌላ። ሰዓቱን በንስሐ አባትሽ ፈቃድ ብታሳጥሪ ከሥጋና ከወተት መከልከልሽ፣ ጸሎትሽና ምጽዋትሽ እንዳለ ነው። ስለዚህ አትሳቀቂ።

«የጾም ምግብ አይጎዳም» ማለት ደግሞ ሌላው ስሕተት ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያለበት ሻይ፣ ስኳሩ ለወረደበት ሰው በድንገተኛ የሚሰጠውን ያህል ይዟል። ከነጭ ዳቦ ጋር ሲሆን ስኳርሽን ሽቅብ ይሰደዋል። የፍራፍሬ ጭማቂም ያው ነው።

ለሚቸኩል ሰው ከንፍሮ የሚሻል የለም። ሽምብራውን ማታ ዘፍዝፊው፣ በማግሥቱ ቀቅለሽ አጠንፍፊውና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጪው፤ ለሦስት ቀን ይበቃሻል። ጠዋት አንድ የሻይ ኩባያ ሽምብራ ከግማሽ አቮካዶ ጋር ብትበዪ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ ስኳሩ ባንዴ አይወጣም። የማታ ምስር ወጥ ካደረ በግማሽ እንጀራ ይበቃል፤ እንጀራው ሙሉ ሲሆን ነው የሚከብደው። በሶ ከወደድሽ በማርና በስኳር አትበጥብጪው፣ በጥቂት ዘይትና ሚጥሚጣ አንድ ጭብጦ አድርጊው። ሻዩን በቀረፋና በቅርንፉድ ያለ ስኳር ጠጪ። ከበላሽ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳርሽን ለክተሽ የትኛው እንደሚስማማሽ እዪ።

ካንቀጠቀጠሽ ወይም መለኪያው ከ70 በታች ካሳየ ግን ንፍሮ አይደርስልሽም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪ፣ ካልወጣ ድገሚ፣ ከዚያ ምግብ ብዪ። ለዚህ የማንንም ፈቃድ አትጠብቂ።

ለምትቆርቢበት ቀን ኪኒኑ ወደ ስንት ሰዓት እንደሚዞር ሐኪምሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ። መለኪያሽንና ስኳሩን ይዘሽ ወደ ቅዳሴ ግቢ፤ ቢያልብሽ አጠገብሽ ላለች እኅት ነግረሽ ስኳሩን ውሰጂ። ቁርባኑ ለሌላ ቀን ይተላለፋል።